ልጠይቅሽ

ሰርካዲስ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» ከማለቷ በፊት «ምን አስነጠሰው?» ብላ የምታስብ ሴት ናት። አቧራ ይሆን? ሽቶ ይሆን? ወይስ ባለፈው ሲያስነጥስ አንዲት መልከ መልካም «ይማርህ» ብላው ስለነበር ዛሬም እንድትለው ብሎ ነው? ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ መጠጣት እንደማይመች የታወቀ ነው። የሰፈሯ ሐበሾችም አይሸሽጓትም። «አንቺ ፊት ማከክ እንኳን ፈራሁ እኮ» ትላታለች ጎረቤቷ አየለች። ሰርካዲስ ትስቃለች፤ ግን አየለች የቱን እጇን እንዳከከች ልብ ብላለች።

ምን ታድርግ፣ ሥራዋ ነው። ጅዳ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች በሚማሩበት አንድ ማእከል የባህርይ ትንተና ረዳት ናት። ስሙ ለአፍ ስለሚከብድ ዐረቦቹ «ሱሉክ» ብለው ያሳጥሩታል፤ ጠባይ ማለታቸው ነው። እሷም ለሐበሻ ስታስረዳ «የልጆች ጠባይ አርቃለሁ» ትላለች። ያኔ ከሴቶቹ አንዷ «እስቲ የኔን ባል ላምጣልሽ» ማለቷ አይቀርም። ቀልዱ ካረጀ ቆይቷል፤ ሰው ቅር እንዳይለው ግን ዛሬም ትስቅለታለች። እውነቱን ለመናገር ሥራው ማረቅ አይደለም። ልጁ የሚያደርገውን ነገር ለምን እንደሚያደርገው ማወቅ ነው። የሚጮኽ ልጅ በጩኸቱ የሚያገኘው ነገር አለ፤ ያንን ነገር ሳይጮኽ የሚጠይቅበትን መንገድ ማሳየት ነው። ባጭሩ ሰርካዲስ የምታስተምረው መጠየቅን ነው። ይህን ቃል ያዙልኝ።

ሙያውን የያዘችው ሳታስበው ነው። መጀመሪያ ጅዳ የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ሰው ቤት ለመሥራት ነበር። የገባችበት ቤት ውስጥ ሀዲል የምትባል፣ እኩዮቿ ተረት ሲያወሩ አንዲት ቃል ያልወጣት ልጅ ነበረች። ሀዲል ውኃ ሲጠማት ማቀዝቀዣውን በጭንቅላቷ ትመታለች፤ ሰርካዲስም ሮጣ ውኃ ትሰጣታለች። አንድ ቀን ማዳሟ ያስመጣቻት ባለሙያ ይህን ስታይ «ጠርሙሱን ያዢው፤ ትየው፣ ግን አትስጫት። እስክትጠይቅ ጠብቂ» አለቻት። ሰርካዲስ በሆዷ ረገመቻት። ሕፃን ልጅ ተጠምታ እያየ ጠርሙስ ይዞ የሚቆም ምን ዓይነት ጨካኝ ነው? የታዘዘችውን ግን አደረገች። ሀዲል አለቀሰች፣ ቧጠጠቻት፣ ጭንቅላቷን ከወትሮው አብዝታ መታች። ሰርካዲስ መዳፏን በልጅቷ ግንባርና በማቀዝቀዣው በር መካከል አድርጋ ጠበቀች። እንዲህ ሲሉ ሰንብተው አንድ ቀን ሀዲል ከንፈሯን አሹላ «ሞ» አለች፤ ከዚያም «ሞያ»።

ሞያ በጅዳ ዐረብኛ ውኃ ነው። ለሰርካዲስ ግን የእውነት ሙያ ሆነላት። ቃሉ ከልጅቷ አፍ ሳይርቅ ጠርሙሱን እጇ ላይ አደረሰችና፣ የምታውቀው ዐረብኛ ሁሉ ጠፍቶባት «እሰይ! እሰይ የኔ እመቤት!» ብላ ጮኸች። ባለሙያዋ ስቃ አንድ ነገር ነገረቻት። ሽልማት አይዘገይም አለቻት። አዲስ ቃል እንደ ወጣ ወዲያው ካልተመለሰለት፣ ልጅ ለምን እንደተናገረው ይረሳዋል። ሰርካዲስ ይህን ነገር እስከ ዛሬ ይዛዋለች። «እሰይ»ንም በዐረብኛ አልለወጠችውም፤ ማእከሉ ውስጥ ያሉ የጅዳ ልጆች በሙሉ «እሰይ» ሲባሉ ያጨበጭባሉ።

ታናሽ እህቷ ዓይናለምም ጅዳ ነበረች። ዓይናለም ኮምቦልቻ ላይ ሙሐመዲንን አግብታ ሰልማለች፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም፣ አንዱ ሲጾም ሌላው ድስት የሚጥድበት ቤት ሞልቷል። ሙሐመዲን ወደብ ላይ ጭነት ያራግፋል፤ የሚኖሩትም አል-ባላድ በሚባለው የጅዳ አሮጌ ሰፈር ውስጥ፣ መስኮቷ ከግድግዳ ሌላ ምንም በማታይ አንዲት ክፍል ነበር። ዓይናለም ታማ ስትሞት ልጇ ሩቅያ ገና የወተት ጥርሷ አልወለቀም ነበር። ሰርካዲስ ከሰው ቤት ወጣች፣ ከፊሏን፣ ማለትም ዋስ የሆናትን አሠሪ፣ ለውጣ ማእከሉ ውስጥ ተቀጠረች፣ ከሙሐመዲን ክፍል ጎን ያለችውን ክፍል ተከራየች፣ ልጅቷንም አሳደገች። ራሷ አላገባችም። ለዚያ የሚሆን ጊዜ መቼ ነበራት?

ሩቅያ በአሻንጉሊት ሳይሆን በዚህ ሙያ ተጫውታ ያደገች ልጅ ናት። አክስቷ ከሥራ ስትገባ ሰላም ከማለቷ በፊት «ዛሬ ማን ምን አደረገ?» ትላለች። አንድ ልጅ ነበር፤ መምህሯ አጠገቡ በተቀመጠች ቁጥር ጫማና ካልሲውን አውልቆ ይወረውራል። መምህራኑ ሁሉ ተናዶ ነው ብለው ነበር። ሩቅያ ብስኩቷን እያኘከች «ከወረወረ በኋላ ወዴት ነው የሚወስዱት?» አለች። በባዶ እግሩ ሲሄድ እግሩ ስለሚቆሽሽ፣ ሊያጥቡት ወደ ቧንቧ ነበር የሚወስዱት። ልጁ ቧንቧ ይወድ ነበር! ሰርካዲስ «እሰይ!» ብላ አቅፋ አሽከረከረቻት። እንዲህ እየተጫወቱ ልጅቷ አደገች፣ ተማረች፣ ፈተናውን አልፋ ሙሉ የባህርይ ተንታኝ ሆነች፤ በማዕረግ ከአክስቷ በላይ ማለት ነው። ሰርካዲስ በዚህ የኮራችውን ያህል በምንም ኮርታ አታውቅም።

የሩቅያ አማርኛ ብቻ የጓዳ አማርኛ ሆኖ ቀረ። ልጅቷ የጅዳ ልጅ ናት። ከአባቷ «አብሽሪ»ን እና ዱዓውን፣ ከአክስቷ ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ፣ አይዞሽን ያዘች፤ የቀረውን በዐረብኛ ሞላችው። አክስቷንም «ኻላ» ነው የምትላት።

ከዚያ ነስረዲን የሚባል፣ ወላጆቹ የወሎ ሰዎች የሆኑ የመካ ልጅ አገባችና ሄደች። መካ ካለ ሌላ ማእከል ውስጥ ሥራ አገኘች። ሙሐመዲንም ዕድሜው ሲገፋ ወደብ በቃኝ ብሎ አገሩ ገባ። አል-ባላድ ውስጥ ሰርካዲስ ብቻዋን ቀረች።

ጅዳና መካ ሩቅ አይደሉም፤ መኪና ውስጥ የተጀመረ ወሬ ሳያልቅ ይደረሳል። ለሰርካዲስ ግን መንገዱ የሚያልቀው በመሀሉ ባለችው የባሕራ ከተማ ላይ ነው። ከባሕራ ወዲያ ኬላ አለ፣ ኢቃማ የሚባለው የመኖሪያ ፈቃድ ይታያል፣ መካ ደግሞ ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይገባባትም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሩቅያ ከወዲያ፣ ሰርካዲስ ከወዲህ ይመጡና ባሕራ ላይ፣ ከጎማ ቤቶች መሀል ባለች የአንድ የመናዊ ሻይ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ሁለቱም የማይኖሩበት፣ ሁለቱም ዘመድ የሌላቸው ከተማ ነው። ሌላ ቦታ ግን የላቸውም።

ሻዩ ሳይቀርብ ሥራ ይጀመራል። አንድ ቅዳሜ ሩቅያ እንዲህ አለች፦ «ኻላ፣ አንድ ልጅ አለኝ። ከመምህራኑ ሁሉ አንዷን ብቻ ይነክሳል። እሷ ደግሞ ወላሂ መልአክ ናት። ለምን?»

ሰርካዲስ ሻይዋን አማሰለች። «አምባር ታደርጋለች?»

«ታደርጋለች። ብዙ ነው የምታደርገው።»

«ሲነክሳት እጇን ታራግፋለቻ። ያን ጊዜ አምባሩ ይንሿሿል።»

ሩቅያ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችው፤ ሻዩ ፈሰሰ፤ ሁለቱም እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። የመናዊው እንኳን ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቅ አብሮ ሳቀ። እንዲህ ሲሆኑ ለማየት ደስ ይላሉ። ግን በእነዚያ ቅዳሜዎች ሁሉ ሰርካዲስ «ክፍሌ ስገባ የሚያናግረኝ ሰው የለም» ብላ አታውቅም። ሩቅያም «አማቴ ቤት እንግዳ እንደሆንኩ ቀረሁ» ብላ አታውቅም። የማንንም ልጅ ጠባይ ፈትፍተው ያወጣሉ፤ የራሳቸውን ግን ሻይ ቤቱ በራፍ ላይ ትተው ይገባሉ።

አንድ ቅዳሜ ሩቅያ ብርጭቆውን ገፋ አድርጋ «ሽታው አስጠላኝ» አለች። ለዚህ ጠባይ ምክንያት ለመፈለግ ሰርካዲስ አልተቸገረችም። ተነሥታ ጉንጯን ሳመቻት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰርካዲስ ሐሳብ ሁሉ አራስ ነበር። እናት የሌላት ሴት ስትወልድ ገንፎውን የምታገነፋው፣ ወገቧን የምታሸው፣ እንቅልፍ የምታስተኛት አክስቷ ናት፤ በአገሩ ደንብ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። ሰርካዲስ ከሐበሻ ሱቅ ገብስ ገዝታ ቆላች፣ አስፈጨች። ከአገር በመጣ ሰው እጅ ቅቤ አስመጣች። አልጋዋን ወደ መስኮቱ አስጠጋች፤ መስኮቱ ያው ግድግዳ ነው የሚያየው፣ ቢሆንም ትንሽ አየር ያስገባል። «ነይና እኔ ዘንድ ውለጂ» ግን አላለቻትም። ልጅቷ መምጣት ከፈለገች ራሷ ትላለች ብላ አሰበች። ሰው የሚፈልገውን ነገር እስኪጠይቅ መጠበቅ በአጥንቷ የገባ ልማድ ነው። ጠርሙሱን ይዛ ቆመች።

ሩቅያ መካ ወለደች። ነስረዲን በድምፅ መልእክት «አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎ ላከ። ሰርካዲስ ክፍሏ መሀል ቆማ ሦስት ጊዜ እልል አለች። የሚቀበላት አልነበረም። ጎን ያለው ፓኪስታናዊ ነገሩ ረብሻ መስሎት ግድግዳውን ደበደበ።

ልጅቷ ትንሽ ትረፍ ብላ ቆይታ ደወለች። አንደበቷ ላይ የመጣው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነበር። ከሩቅያ አጠገብ የአማቶቿ ድምፅ ስለሚሰማ ግማሹን ዋጠችና «እንኳን ማረሽ» አለች።

«አሚን ኻላ። ወላሂ ደክሞኛል።»

«አይዞሽ የኔ ልጅ። ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። አማቴ ሾርባ ትሰጠኛለች።»

ሾርባ! ሰርካዲስ አልጋው ሥር ያለውን የገንፎ ዱቄት አየችው። በዕድሜዋ ለራሷ የሆነ ነገር ለምና የማታውቅ ሴት፣ ቃሉን እየፈራች አወጣችው።

«ሩቂዬ፣ እኔ እኮ… ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ።»

«ጠይቂኛ፣ ኻላ» አለች ሩቅያ ወዲያው። ከዚያ ዝም አለች።

ሰርካዲስም ዝም አለች። ጠይቂኛ! እግር የሌለውን ሰው ተራራ ውጣ እንደ ማለት አይደለም እንዴ? ኬላው እንዳለ እያወቀች፣ አክስቷ እንደማትገባ እያወቀች፣ «ጠይቂኛ»? አሁን ትቀጥላለች ብላ ጠበቀች። «እኔ እመጣልሻለሁ» ትላለች፤ ወይም «ነስረዲን ይውሰደኝ» ትላለች። ሩቅያ ምንም አላለችም። በስልኩ ውስጥ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች።

«በይ ልጅሽን አጥቢ» አለች ሰርካዲስና ዘጋችው። አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠች አለቀሰች። ዝምታው መልስ ነው፤ ሥራዋ ስለሆነ ዝምታ ማንበብ ታውቃለች። አልፈለገችኝም አለች በልቧ።

አየለች ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች። «ምን ያስለቅስሻል? ዐባያሽን ልበሺ፣ ኒቃብሽን ጣል አድርጊ፣ ከሴቶች ጋር መኪና ውስጥ ግቢ። ማን ይጠይቅሻል?»

«እሱማ ማንም አይጠይቀኝም» አለች ሰርካዲስ። «ግን ለነሱ የተቀደሰ ቦታ ነው። የእህቴ ሃይማኖት ነው፣ የልጄ ሃይማኖት ነው። በውሸት አልገባበትም።»

«እንግዲያ ቁጭ በያ» አለች አየለች፤ ክፉ ሆና አይደለም።

በሙያው ማክሰም የሚባል ነገር አለ። አንድ ጠባይ መልስ ካጣ መጀመሪያ ይብሳል፣ ከዚያ እየከሰመ ይሄዳል። ሰርካዲስ ይህን በራሷ ላይ ልትሠራው ወሰነች። መናፈቅም ጠባይ ነው፤ ካልተመለሰለት ይሞታል ብላ መደወል አቆመች። እንደ ደንቡ መጀመሪያ ባሰባት። ልጆቹን ስታስተምር ስልኩን ታያለች፣ ሳህን ስታጥብ እጇን ጠርጋ ስልኩን ታያለች። ከዚያ መክሰሙን ጠበቀች። አልከሰመም። መማሪያው ውስጥ ስለ አክስት የተጻፈ ነገር የለም።

ሩቅያ ግን ትደውል ነበር። እንዴት ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ሕፃኗስ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሱመያ አልናት። በየስልኩ መጨረሻ ላይ ሩቅያ ጥቂት ዝም ትላለች። ሰርካዲስ ወሬ አልቆባት ነው ብላ «በይ ደህና ዋይ» ትላለች።

አንድ ቅዳሜ እግሯ ወሰዳት፤ ዱቄቱንና ቅቤውን በዘንቢል ይዛ ባሕራ ሄደች። የሚጠብቃት ሰው እንደሌለ ታውቃለች። አራስ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ከቤት አትወጣም። ግን ወደ ሩቅያ መቅረብ የምትችለው እስከዚያ ድረስ ነው፤ ከቀረችበት ይልቅ የቀረበችበት ይሻላል ብላ ነው። የመናዊው እንደ ልማዱ ሁለት ሻይ አምጥቶ ፊቷ ደረደረ። አንዱን መልስ ልትለው አፈረች። ከመንገዱ ማዶ ወደ መካ የሚሄዱት መኪኖች እየተከታተሉ ያልፋሉ፤ ውስጣቸው ነጭ የለበሱ ሰዎች አሉ። የጎማ ቤቱ ልጆች መዶሻቸውን እያንኳኩ በሐረሪኛም በየመን ዐረብኛም ይሰዳደባሉ። አንዱን ሻይ ጠጣች፤ ቆይታም ሁለተኛውን ጠጣችና ዘንቢሉን ይዛ ተመለሰች። በመንገድ ላይ ሾፌሩ በዐረብኛ «ኻላ፣ ዘመድ ጥየቃ ነበርሽ?» እንደ ማለት ነገር ጠየቃት። «አዎ» አለችው። ዋሸች።

አርባው ቀን አልፎ ሩቅያ «ቅዳሜ እንገናኝ፣ ሱመያን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ደወለች። ሰርካዲስ ዘንቢሉን እንደገና ያዘች። ስትደርስ ሩቅያ ሻይ ቤቱ ጥግ ተቀምጣ ነበር፤ ከስታለች፣ ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። ነስረዲን መኪናውን ጎማ ሊያስነፋ ወደ ማዶ ሄዷል። ሰርካዲስ ሕፃኗን ከጥቅልሏ ውስጥ አየቻት፤ የዓይናለም ግንባር ነው። «ታቅፊያታለሽ?» እስክትባል እጇን አልዘረጋችም። ሩቅያም አክስቷ «ስጪኝ» እስክትል ጠበቀች። ሕፃኗ መሀላቸው ተኛች።

«ኻላ» አለች ሩቅያ፣ «አንድ ነገር ልበልሽ፣ እንዳትቆጪኝ። ያኔ ልትጠይቂኝ የፈለግሽው ምን ነበር?»

«የቱን?»

«በስልክ። ‹ልጠይቅሽ እፈልጋለሁ› አልሽኝ። ጠይቂኝ አልኩሽ። ዝም አልሽ። አሁን ትጠይቀኛለች፣ አሁን ትጠይቀኛለች እያልኩ ጠበቅኩ። በደወልኩ ቁጥር ዝም ብዬ ጠበቅኩሽ። አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ እኮ፤ ቃሉ አፉ ላይ የደረሰ ሰው አይቀደምም ብለሽ። ግን አልጠየቅሽኝም። ምን አጠፋሁ አልኩ። ታማ ይሆን አልኩ። ኸላስ፣ አሁን ጠይቂኝ። ጥያቄው ምንድን ነው?»

ሰርካዲስ መጀመሪያ የመጣባት ሳቅ ነበር። ሁለት ባለሙያዎች፣ ሁለቱም ጠርሙስ ይዘው፣ ሁለቱም ተጠምተው! ግን የልጅቷን የጠቆረ ዐይን ሥር አየችና ተወችው።

«ጥያቄ አይደለም፣ ሩቂ። መጠየቅ ሌላም ነው። አራስ ይጠየቃል፣ የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጠየቃል። ቤቱ ሄደሽ፣ የምትችይውን ይዘሽ፣ አጠገቡ መቀመጥ ነው። ዱቄት አዘጋጅቼ ነበር። አጠገብሽ ልሁን ማለቴ ነበር።»

ሩቅያ አፏን ከፍታ አየቻት። «ዚያራ? ዚያራ ማለትሽ ነው?»

«አዎ፣ ዚያራ።»

«ያ ረብ!» ሩቅያ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ሁልጊዜ በሩን ሳይ ነበር እኮ የምውለው። አማቴ ደግ ናት፣ ግን አንቺን ነበር የፈለግኩት። እንደማትገቢ አውቃለሁ። አንዲት ቃል ብትዪኝ ጅዳ እመጣ ነበር። እኔ ጥያቄ መሰለኝ!» ከዚያ ቀና ብላ እንደ ልጅ ተቆጣች። «ለምን ይህን ቃል አላስተማርሽኝም?»

ሰርካዲስ መልስ ልትሰጣት አሰበች። ልጅ አንድ ቃል ካጣ፣ ቃሉ በሚባልበት ቦታ ሲባል ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ይህ የሙያዋ መጀመሪያ ነው። አል-ባላድ ያለችውን ክፍል በልቧ ገልጣ አየቻት። ዓይናለም ስትታመም የአገር ልጅ ሁሉ ግማሹ ኢቃማ የለውም፣ ከቤት መውጣት ይፈራል፤ ግማሹ ሰው ቤት ነው፣ በር ተቆልፎበታል። ስትሞት ወንዶቹ ቀብረው ወደ ወደቡ ተመለሱ። ሩቅያ ኩፍኝ ሲወጣባት በሩ አልተንኳኳም። ሩቅያ ፈተናውን ስታልፍ በሩ አልተንኳኳም። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ሰው እንኳን ሳህን በጨርቅ ሸፍኖ፣ በሩን ገፋ አድርጎ፣ «ልጠይቃችሁ መጣሁ» ብሎ አያውቅም። ልጅቷ ቃሉን ከየት ትስማው?

«ማን ጠይቆን ያውቃል ብለሽ ነው፣ ልጄ» አለች።

ሩቅያ አለቀሰች። ሰርካዲስም ሳትጠየቅ፣ ሳትጠብቅ፣ እጇን ዘርግታ ሕፃኗን አነሣቻት። አንገቷን ደግፋ ወደ ደረቷ አስጠጋቻትና፣ መካ ድረስ መላክ ያቃታትን ነገር ሙሉውን አለችው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ።»

«አሚን» አለች ሩቅያ አፍንጫዋን እየጠረገች። «አሚን፣ ኻላ።» የመናዊው ሻዩን እንደያዘ በራፉ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ብዙም አልቆዩ። ነስረዲን መጣ፣ ሕፃኗ ራባት፣ ፀሐዩም በረታ። ሰርካዲስ ዘንቢሉን መኪናው ውስጥ አስገብታ ገንፎው እንዴት እንደሚገነፋ፣ ቅቤው መቼ እንደሚገባ ነገረቻት፤ ሩቅያ ግማሹ እንዳልገባት ከፊቷ ታየ። መኪናው ሲነሣ ሩቅያ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። ቃሉን እንደ አዲስ ጫማ ቀስ አድርጋ እየረገጠች እንዲህ አለች።

«ኻላ። በሚመጣው ቅዳሜ ጅዳ… ልጠይቅሽ እመጣለሁ።» ከዚያ በጭንቀት አየቻት። «ልክ ነው?»

ልክ ነበር። ሰርካዲስ ግን ራሷን ብቻ ነቀነቀች። መኪናው አቧራ አስነሥቶ ወደ ኬላው አቅጣጫ ሄደ። መንገዱ ዳር ቆማ እያየችው፣ ሽልማት አይዘገይም የሚለው ትዝ አላትና ደነገጠች። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ስንት ሳምንት ያልደወለችበትን ቁጥር ደወለች። ሩቅያ አነሣችው።

«እሰይ!» አለች ሰርካዲስ፣ ከጎማ ቤቶቹ መዶሻ በላይ እንዲሰማ ጮክ ብላ። «እሰይ የኔ ልጅ! እሰይ!»

ከዚያ ስልኩን ዘግታ መንገዱን ተሻገረችና የጅዳ መኪና ጠበቀች። ቤቷ ያለው ወንበር አንድ ብቻ መሆኑ ትዝ ያላት መኪናው ውስጥ ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ነው።